ወሬው ከአዋጁ ሲቀድም

ማንኛውም ሕግ የአንዱን ጥቅም ሲጠብቅ የሌላውን መገደቡ አይቀርም። ስለዚህም አንድ ረቂቅ አዋጅ ሲወጣ አስቀድሞ መነሣት ያለበት ጥያቄ «ማን ይጠቀማል? ማንስ ይከፍላል?» የሚለው ነው። ኢንተርኔትን በሚመለከቱ ረቂቆች ላይ ግን ከዚህ ጥያቄ ቀድሞ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ድንጋጤ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ፣ «ኢትዮጵያ ውስጥ በስካይፕ የተነጋገረ 15 ዓመት ይታሰራል» የሚል ወሬ በጥቂት ቀናት ዓለምን አዳረሰ። ወሬው በውጭ አገር የዜና ማሠራጫዎች ተባዝቶ፣ በማኅበራዊ መገናኛዎች ተጋኖ ወደ እኛው ተመለሰ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ለምትገኘው ሸዋ ሮቢት ይህ የሩቅ ነገር አልነበረም። በይፋት ቆላ ልጁን ወይም የጎረቤቱን ልጅ ወደ ዐረብ አገር ያልሸኘ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሽንኩርትና ማሾ ሸጦ፣ ወይም በትምባሆው እርሻ በቀን ሥራ ውሎ ለሚያድር ቤተሰብ ከጅዳና ከቤይሩት ጋር በመደበኛው ስልክ መነጋገር ከአቅም በላይ ነው። በኢንተርኔት በኩል የሚገኘው ርካሽ ጥሪ ለእርሱ መዝናኛ ሳይሆን የልጁን ደኅንነት የሚያውቅበት መንገድ ነው።

ለመሆኑ አዋጁ ምን ይል ነበር? አዋጅ ቁጥር 761/2004 ሆኖ በጸደቀው ሕግ አንቀጽ 10 መሠረት በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ ወይም የፋክስ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና ከአገልግሎቱ አገኘ ተብሎ በሚገመተው ገቢ 5 እጥፍ መቀጮ ይቀጣል። ከዚያ የበለጡ ረጃጅም እስራቶች ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት በሚሰጡና መሠረተ ልማት በሚዘረጉ ላይ ተደንግገዋል። «በስካይፕ ያወራ 15 ዓመት» የሚለው ቃል በአዋጁ ውስጥ የለም።

የአዋጁ ዒላማ ግልጽ ነበር። ከውጭ አገር ለሚገባ የስልክ ጥሪ የውጭው ኩባንያ ለተቀባዩ የአገር ቤት ድርጅት በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። ጥሪውን በኢንተርኔት ተቀብሎ በሲም ቦክስ መሣሪያ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ የሚያሳልፍ ነጋዴ ግን ይህን ክፍያ ለራሱ ያስቀራል። በዚያን ጊዜ ብቸኛው ድርጅት የመንግሥት ንብረት የሆነው ኢትዮ ቴሌኮም ስለ ነበር፣ የተሰረቀው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ይሁንና ፍርሃቱን ሁሉ የጠላት ፕሮፓጋንዳ ነው ብሎ ማለፍ የትንታኔ ስንፍና ነው። ያው አንቀጽ 10 በሚቀጥለው ንዑስ አንቀጹ፣ አገልግሎቱን ሆነ ብሎ ወይም በቸልተኝነት ያገኘውንም ሰው ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። በኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ ከእኅቷ ጋር ያወራች ሴት ከዚህ ቃል ውጭ መሆኗን የሚያረጋግጥላት ሐረግ የለም። የመንግሥት ቃል አቀባዮች የግል ንግግር እንዳልተከለከለ ማስረዳታቸው እርግጥ ነው፤ ሆኖም ማብራሪያው የመጣው ከወሬው በኋላ ነው፤ ዳኛም ፊት የሚቀርበው አዋጁ እንጂ ማብራሪያው አይደለም። «ለንግድ» የምትለው አንዲት ቃል በረቂቁ ብትገባ ኖሮ ወሬው ግማሽ ጉልበቱን ባጣ ነበር።

በዚያው ዓመት ሌላውም ዓለም በተመሳሳይ ጭንቀት ተይዞ ነበር። ሶፓ የተባለውን የአሜሪካ የቅጂ መብት ረቂቅ በመቃወም የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ጥር 9 ቀን 2004 ዓ.ም. ገጾቹን አጨለመ፤ ረቂቁም ወደ መደርደሪያ ተመለሰ። አክታ የተባለውን ስምምነት የአውሮፓ ፓርላማ ሰኔ 27 ቀን በ478 ተቃውሞና በ39 ድጋፍ ጣለው። በ2011 ዓ.ም. ግን ያው ፓርላማ አዲስ የቅጂ መብት መመሪያ በ348 ለ274 ድምፅ አጸደቀ። «ኢንተርኔት አለቀለት» ተብሎ ሲጮኽ፣ የዩቲዩብ ኃላፊዎች ራሳቸው ቪዲዮ ሠሪዎቻቸውን ለተቃውሞ ቀስቅሰው ነበር። ኢንተርኔቱ አላለቀም። በአንድ ወገን የመዝገብና የፊልም ባለቤቶች፣ በሌላው ወገን የሰው ሥራ እያሳዩ ማስታወቂያ የሚሸጡ ግዙፍ ኩባንያዎች ተፋጠጡ፤ በመካከላቸው ዘፋኙና ተመልካቹ የሁለቱም ባንዲራ ተሸካሚዎች ሆኑ።

አሁን ወደ ራሳችን የቅጂ መብት እንመለስ፤ ዋናው ተቃርኖ የሚታየው እዚህ ነውና። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብትን ሆነ ብሎ በጣሰ ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። ቅጣቱ ስካይፕን በሚመለከተው አንቀጽ ላይ ካለው ይበልጣል! አንድ ግለሰብ ለግል መጠቀሚያው አንድ ቅጂ ቢያደርግ አዋጁ ይፈቅዳል፤ በመናኸሪያ አጠገብ ኮምፒዩተር ዘርግቶ ለመንገደኛው ሁሉ በሚሞሪ ካርድ ዘፈን የሚጭን ወጣት ግን ለገበያ ያባዛልና በዚህ ፈቃድ አይሸፈንም። ሆኖም ስለዚህ አዋጅ ዓለምን ያዳረሰ ጩኸት አልተሰማም። ሕጉ በወጣቱ ላይ ስለማይፈጸም ማንንም አያስደነግጥም፤ ስለማይፈጸምም ዘፋኙን አይመግብም። ድምፃዊው በዓመት ሙሉ ድካም ያወጣውን ዘፈን በማግስቱ በየመናኸሪያው በሳንቲም ሲቸበቸብ ያያል። ጫኙ ወጣት ደግሞ ሌላ ሥራ ስላላገኘ ነው የተቀመጠው፤ እርሱን ለ5 ዓመት ማሰር ለድምፃዊው አንድ ብር አያስገኝለትም።

ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ ከፍቷል፦ የሥራ አመንጪዎች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ከተጠቃሚዎች የሮያሊቲ ክፍያ እንዲሰበስቡ። የዘፈን ጫኙ ወጣት መጠነኛ ክፍያ ከፍሎ በፈቃድ የሚሠራበት አሠራር በዚህ በር ሊገባ ይችላል። የዕድርና የቀበሌ ስብሰባዎች የሚቀጥለው ረቂቅ ሲወጣ ጽሑፉን አስመጥተው አንቀጽ በአንቀጽ ቢያነቡት፣ ሦስት ጥያቄዎችን ለተወካያቸው ማቅረብ ይችላሉ፦ ክፍያው ስንት ነው? ማን ይሰበስበዋል? ከተሰበሰበው ውስጥ ለድምፃዊው የሚደርሰው ምን ያህል ነው?