«ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ጽሑፍ የማይነግረን ነገር

«ዶክተር፣ ይህ ውጤት የሌላ ሰው እንዳይሆን?» አሉኝ በ50ዎቹ መጨረሻ ላይ የሚገኙ አንድ የፎገራ ገበሬ፣ የላብራቶሪ ወረቀቱን በጣታቸው እየጠቆሙ። ቀጭን ናቸው። አጿማትን ይጾማሉ፤ ሥጋ የሚቀምሱት ለበዓል ነው። ወደ ሕክምና ያመጣቸው የሩዝ ጆንያ ተሸክመው ሲራመዱ ደረታቸውን ጨምቆ የሚይዛቸው ሕመም ነበር። በተለምዶ «መጥፎ ኮሌስትሮል» የሚባለው ኤል ዲ ኤል 172 ሆኖ ተገኝቷል። «የምንበላው ዘይት እኮ ኮሌስትሮል የለውም ተብሎ ተጽፎበታል፤ ልጄ አንብቦልኛል» ሲሉም አከሉ።

በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው እውነት ነው። ውጤቱም የእርሳቸው ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ለመረዳት ግን ስብ በደማችን ውስጥ እንዴት እንደሚጓጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስብ በደም ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

ዘይትና ውሃ አይቀላቀሉም። ደም ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ስለዚህ ሰውነታችን ስብንና ኮሌስትሮልን ለብቻቸው ወደ ደም አይለቅም፤ በፕሮቲን ጠቅልሎ ይጭናቸዋል። እነዚህ ጥቃቅን ጭነቶች ሊፖፕሮቲን ይባላሉ።

ከወረታ መፈልፈያዎች ሩዝ ጭነው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጡትን መኪኖች ያስቧቸው። ከምግብ በኋላ አንጀታችን የበላነውን ስብ ጭኖ ይልካል፤ ይህ ጭነት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይራገፋል። ጉበትም በበኩሉ ራሱ ያዘጋጀውን ስብ ጭኖ ያሰማራል። ይህ ጭነት ስቡን በየጡንቻው እያራገፈ ሲሄድ በመጨረሻ የሚቀረው በኮሌስትሮል የተሞላው ኤል ዲ ኤል ነው። ኤች ዲ ኤል የሚባለው ደግሞ የተረፈ ኮሌስትሮል ሰብስቦ ወደ ጉበት በመመለስ ያግዛል።

የኤል ዲ ኤል ጉዞ የሚያበቃው በአብዛኛው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ይህን ጭነት የሚቀበልባቸው «በሮች» አሉት። አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን እነዚህን በሮች በማግኘታቸውና አሠራራቸውን በማስረዳታቸው በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። በሮቹ ሲያንሱ ኤል ዲ ኤል መንገድ ላይ ይከማቻል። ከዚያም ወደ ደም ሥር ግድግዳ እየገባ ይቀመጣል፤ ግድግዳው ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ መተላለፊያውም ይጠባል። ይህ ሁሉ ለዓመታት ያለ ምንም ሕመም ይቀጥላል። የልብ ድካም ወይም ስትሮክ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ጥያቄው ዘይቱ የያዘው ብቻ አይደለም

በደማችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል በአብዛኛው የሚሠራው የራሳችን ሰውነት ነው። ስለዚህ «ይህ ምግብ ኮሌስትሮል አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ይህ ምግብ በጉበቴ ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በቅዝቃዜ የሚረጋው የስብ ዓይነት የጉበትን በሮች ያሳንሳል። በፓልም ዘይት ውስጥ ከመቶ 40 እስከ 50 የሚሆነው ይህ ስብ ነው። በኑግ ዘይት ውስጥ ግን ከመቶ 20 በታች ነው፤ አብዛኛው የኑግ ስብ ኤል ዲ ኤልን ዝቅ የማድረግ ባሕርይ ያለው የማይረጋው ዓይነት ነው። ሱፍና አኩሪ አተርም ከኑግ ጋር የሚመደቡ ናቸው። ማንኛውም የዕፅዋት ዘይት ከኮሌስትሮል ነፃ ነው ሊባል ይችላል፤ የፓልም ዘይት እና የኑግ ዘይት ግን ለልብ አንድ አይደሉም።

ለጿሚ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ጾም ቅቤንና ሥጋን ያስቀራል፣ ሽሮንና ምስርን ያበዛል፤ ይህ ለደም ሥር መልካም ነው። ነገር ግን በጾም ቀናት ወጡ በረጊ ዘይት ከተጥለቀለቀ በቅቤው የቀረው ስብ በዘይቱ ተመልሶ ይገባል። ታካሚዬን ስጠይቃቸው ቀድሞ በቤታቸው የሚገባው የኑግ ዘይት ነበር። ዋጋው ሲከብድ ወደ ጀሪካኑ ዞሩ። ጥፋት አላጠፉም፤ አቅማቸው የፈቀደውን ገዙ።

ሩዙስ?

የፎገራ ሜዳ ሩዝን በሰፊው የተዋወቀው በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ነው። ዛሬ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ጠላና አረቄም ይሠራበታል። ሩዝ በራሱ የልብ ጠላት አይደለም። ቀኑን ሙሉ በእርሻ ላይ የሚውል ሰው ኃይሉን ያቃጥለዋል። ሥራው ከወንበር ላይ የማያስነሳው ሰው ግን ነጭ ሩዝ፣ ስኳርና አልኮል ሲያበዛ ጉበቱ ትርፉን ትራይግሊሰራይድ ወደሚባል ስብ ቀይሮ ወደ ደም ይልከዋል። ይህ ስብ በባዶ ሆድ ሲለካ ከ150 በታች ሊሆን ይገባል። ከ500 ሲያልፍ ቆሽትን እስከ ማቁሰል ይደርሳል።

ከሩዝ የተገኘ መድኃኒትም አለ። ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪራ ኤንዶ በ1973 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የስታቲን ንጥረ ነገር ያገኙት ከኪዮቶ እህል ቤት በተወሰደ የሩዝ ናሙና ላይ ከበቀለ ሻጋታ ነበር። ይህ ማለት የሻገተ ሩዝ ይበላ ማለት አይደለም፤ የሻገተ እህል መርዛማ ሊሆን ይችላል። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል መሥራቱን እንዲቀንስና በሮቹን እንዲያበዛ ያደርጋል። ለታካሚዬም ያዘዝኩላቸው ይህንኑ ነው፤ ለልብ ምርመራም ልኬያቸዋለሁ። አስቸጋሪው ነገር ብዙ ሰው «ደህና ሆንኩ» ብሎ በሁለተኛው ወር መድኃኒቱን ማቋረጡ ነው። ኤል ዲ ኤል ሲወርድም ሆነ ሲመለስ አይሰማም፤ ያለ ሐኪም ምክር አያቁሙት።

ከዋጋ ባሻገር

አገራችን ለዓመታት የምግብ ዘይት ፍላጎቷን በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ፣ በተለይም በፓልም ዘይት ስትሸፍን ቆይታለች። በ2013 ዓ.ም ቡሬ ላይ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ የብዙዎቻችን ተስፋ ዘይት በበቂ መጠንና በተመጣጣኝ ዋጋ ይቀርባል የሚል ነበር። ስለ ዘይት ስንነጋገር እስከ ዛሬ የምንጠይቀው «አለ ወይ?» እና «ስንት ነው?» ብለን ነው። እንደ ሐኪም ሦስተኛ ጥያቄ ልጨምር፤ «ምን ዓይነት ነው?» ኑግና ሱፍ ለሚያመርት ገበሬ የሚደረግ ድጋፍ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የልብ ሕመም መከላከያም ነው። በጀሪካኑ ላይም «ከኮሌስትሮል ነፃ» ከሚለው ይልቅ የረጊ ስቡ መጠን በግልጽ በአማርኛ ቢጻፍ ገዢው አውቆ ይመርጣል።

እስከዚያው ድረስ በየቤታችን የምንችለው አለ። በጠዋት ቅዝቃዜ የሚረጋ ወይም የሚደፈርስ ዘይት ረጊ ስብ የበዛበት መሆኑን ይጠርጥሩ። ሌላ መግዛት ካልተቻለ መጠኑን ይቀንሱ፤ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ለጣዕም ብዙ አይጨምርም። ደጋግሞ የተጠበሰበትን ዘይት አይጠቀሙ። ሽንብራ፣ ምስርና ባቄላ ከገበታ አይጥፉ፤ አሰራቸው ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለብዎ፣ የሚያጨሱ ከሆነ ወይም ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የተያዘ ሰው ካለ ቀጭን ነኝ ብለው ሳይዘናጉ ይመርመሩ። ደረትዎን የሚጨምቅ፣ ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከተሰማዎ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ታካሚዬ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። ኤል ዲ ኤላቸው 94 ሆኗል። ወረቀቱን እያዩ «አሁንስ የእኔ ነው ብዬ አምናለሁ» አሉኝ። በእጃቸው በያዙት ጠርሙስ ውስጥ ከገበያ የገዙት አንድ ሊትር የኑግ ዘይት ነበር። «ለወር ነው» አሉ፤ «ባለቤቴ በማንኪያ ነው የምትለካው።»