ከዋጋው በፊት ሰዓቱን ይቁጠሩ

ኦሌድ ቴሌቪዥን ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ስጋት አይለቀውም፤ ስክሪኑ ላይ ምስል ታትሞ ይቀር ይሆን? ሻጩ «ያ የድሮ ችግር ነው» ይለዋል፤ ወዳጁ ደግሞ «ገንዘብህን አታባክን» ብሎ ይመክረዋል። ሁለቱም ግን ዋናውን አልጠየቁትም፦ ቴሌቪዥኑ በቀን ስንት ሰዓት ይበራል? ምንስ ሲያሳይ ይውላል? የስጋቱ ልክ የሚታወቀው በዚህ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤልሲዲ ስክሪን ከጀርባው መብራት አለው። በኦሌድ ግን እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ታበራለች፤ ጥቁር ማሳየት ሲኖርባት ፈጽማ ትጠፋለች። ገዢውን የሚማርከው ጥልቅ ጥቁር የሚገኘው ከዚህ ነው፤ ጣጣውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ብርሃን የሚሰጠው ኦርጋኒክ ውህድ በሠራ ቁጥር ይደክማል፤ ሰማያዊው ደግሞ ከሌሎቹ ይቀድማል። ሁሉም ነጥቦች እኩል ቢደክሙ ዓይን ባልለየው ነበር። የአንድ ጣቢያ ዓርማ ከጠዋት እስከ ማታ ጥግ ላይ ደምቆ ሲውል ግን እዚያ ያሉት ነጥቦች ከጎረቤቶቻቸው ቀድመው ያረጃሉ። ከወራት በኋላ ስክሪኑ ወጥ ግራጫ ሲያሳይ የዓርማው ቅርጽ እንደ ጥላ ብቅ ይላል። ቃጠሎ ይባል እንጂ ነገሩ እንደ ጫማ ሶል ማለቅ ነው፤ አብዝቶ የተረገጠው በኩል ይሳሳል።

አርቲንግስ የተባለው የካናዳ የዕቃ ፈታሽ ድርጅት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስድስት ተመሳሳይ ኦሌድ ቴሌቪዥኖችን በቀን 20 ሰዓት እያበራ ከ9,000 ሰዓት በላይ አሠርቷቸዋል። ቀኑን ሙሉ ሲኤንኤን ያሳዩት እና ፊፋ 18 የተሰኘው የቪዲዮ ጌም የታየበት ምልክት አወጡ፤ ኮል ኦፍ ዱቲ የተሰኘው ጌም የታየበት ግን በዚያው ሁሉ ሰዓት የሚታይ ጠባሳ አልያዘም። ዕቃው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፤ የተለየው የታየው ነገር ነው። 9,000 ሰዓት ማታ ማታ 5 ሰዓት ለሚያይ ቤተሰብ ወደ 5 ዓመት ይጠጋል። ዜናና ኳስ በቀን 14 ሰዓት ለሚከፍት ካፌ ግን ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ለመጀመሪያው ቤት ኦሌድ ያለ ስጋት ይገዛል፤ ለካፌው ግን የተሳሳተ ዕቃ ነው፤ ጥሩ ኤልሲዲ ይበቃዋል።

«አዲሶቹ መከላከያ አላቸው» የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ምስሉን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳሉ፣ የቆመ ዓርማ ሲያዩ ያደበዝዛሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ጥቂት ሰዓታት ከሠሩ በኋላ፣ በሪሞት ሲጠፉ፣ የነጥቦቹን ድካም ለክተው ያስተካክላሉ። ይህ ግን ያረጀውን አያድስም፤ ልዩነቱን ያቻችላል እንጂ። ደግሞም ሥራውን የሚሠራው ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ኤሌክትሪክ ካገኘ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ መብረቅና የኃይል መዋዠቅ ተፈርቶ ማታ ሶኬቱ ይነቀላል ወይም ስታቢላይዘሩ ይጠፋል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ግን ጥንቃቄው ራሱ መከላከያውን ያሰናክለዋል። በሪሞት አጥፍቶ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሳይነቅሉ መተው ሁለቱንም ያስታርቃል።

«ኤልሲዲስ አይበላሽም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይበላሻል፤ የጀርባ መብራቱ ይቃጠላል፣ ስክሪኑ ይዥጎረጎራል። ሆኖም ያ ብልሽት ብዙ ጊዜ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ ዋስትና ያገኛል፤ በቆመ ምስል የመጣ ጠባሳ ግን በብዙ አምራቾች የዋስትና ወረቀት ላይ የተጠቃሚው ጥፋት ተደርጎ ይገለላል። ከዱባይ ተገዝቶ በሻንጣ ለመጣ ቴሌቪዥን ዋስትናው እዚህ መሥራቱም አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ ሻጩ ስለ ስክሪኑ ስፋት ከማውራቱ በፊት፣ ዕቃው የሚሰቀለው ሳሎን ውስጥ ነው ወይስ ከማኪያቶ ማሽኑ በላይ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።