«ተደረመሰ» ይሉናል፤ ማን ደረመሰው?



እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ የወረደች ልጅ ባዶ እጇን ስትመለስ የምትናገረው ቃል አንድ ነው፤ «ተሰበረ»። እናቲቱም የምትመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ማን ሰበረው?» ፊደል ያልቈጠረች እናት ወዲያው የምትደርስበትን ነገር፥ እኛ ሰዋስው የተማርነው ሰዎች ስተነዋል። «ሕንፃው ተደረመሰ፤ ጉድጓዱ ተደረመሰ» በተባለ ቍጥር ከንፈራችንን መጥጠን፥ «ነፍስ ይማር» ብለን እናልፋለን። ማን ደረመሰው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ቃሉ ራሱ ጥፋት የለበትም። ቤትም ውልም ጋብቻም «ፈረሰ» ይባላል፤ ከከፍታ የሚወርድ ድንጋይና አፈር «ተናደ» ይባላል፤ ጣራ ወይም የጉድጓድ አፍ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ «ተደረመሰ» እንላለን። በአዕማድ ትምህርት አድራጊው «ደረመሰ»፥ ተደራጊው «ተደረመሰ»፥ አስደራጊው «አስደረመሰ» ነው። ሦስቱም በቋንቋችን አሉ። ስለ ጦርነት ሲወራ «እገሌ ምሽጉን ደረመሰ» ይባላል፤ ጀግናው በስሙ ይጠራል፤ «ምሽጉ ተደረመሰ» ብሎ ዝም የሚል ፎካሪ የለም። እንግዲህ ክብር ሲኖር አድራጊው ይገኛል፤ ዕዳ ሲመጣ ግን ተደራጊው ብቻውን ይቀራል።

«ተደረመሰባቸው» የሚለውንም ተመልከቱ። በአንዲት ቃል ውስጥ የተጎዱት ተጠርተዋል፤ የጎዳው ግን አልተጠራም።

ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፥ በአዲስ አበባ ረጲ፥ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ስፍራ፥ የቆሻሻው ክምር ሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። «ተደረመሰ»፥ «ተናደ» ተባለ። ተራራው በራሱ የበቀለ ይመስል! ከ50 ዓመት በላይ የከተማውን ጥራጊ በአንድ ስፍራ የከመረው ማን ነው? በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ መወሰድ ጀምሮ ሳለ፥ የአካባቢው ገበሬዎች ቢቃወሙ፥ ተመልሶ በዚያው በሞላው ስፍራ እንዲጣል ያዘዘው ማን ነው? ድኻው ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሶ ሲኖር ሌላ መጠጊያ ያልሰጠው ማን ነው? እኛስ የቤታችንን ጥራጊ አውጥተን ስንሰጥ የት እንደሚደርስ ጠይቀን እናውቃለን? አድራጊዎቹ ብዙ ናቸው፤ ብዙ መሆናቸው ግን የሉም ማለት አይደለም።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአረርቲ ማርያም፥ ለበዓል የመጣ ምእመን በመሠራት ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደ ቆመው የእንጨት ርብራብ ወጣ፤ ርብራቡ ወድቆ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። አሁንም «ተደረመሰ» ተባለ። እንጨቱን ማን አሰረው? ስንት ሰው እንዲሸከም ታስቦ ነበር? ሕዝቡ እንዳይወጣ ማን መከልከል ነበረበት?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ሳይመረመር ሰውን መወንጀልም ነውር ነው» ይሉናል። እኛም ሳይመረመር ይወንጀል አላልንም፤ ይመረመር ነው ያልነው። አድራጊው ሰው የማይሆንበት ጊዜም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ናዳ የወረደው ከከባድ ዝናብ በኋላ ነበር፤ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትንም ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ሆኖም «ዝናብ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ጥያቄውን ሰምቷል፤ ተዳፋቱ ዝናቡን ለምን አልቻለም፥ ሁለተኛው ናዳ እንዳይደርስባቸው ሕዝቡን ማን ማስጠንቀቅ ነበረበት ብሎ ሊቀጥል ይችላል። «ተደረመሰ» ብሎ አራት ነጥብ ያኖረ ሰው ግን መዝገቡን ዘግቷል።

ነገሩ ከእኛም ቤት አለ። ብርጭቆ ከእጃችን ሲያመልጥ «ወደቀብኝ»፥ ተኝተን ስንቀር «ረፈደብኝ»፥ ክበባችንን ትተን ስንበታተን «ክበቡ ፈረሰ» የምንል እኛው ነን። በዚህ አነጋገር ያደገ ተማሪ ነገ መሐንዲስ ሆኖ «ምሰሶው ተሰነጠቀ» ብሎ ቢያልፍ፥ ዳኛም ሆኖ «ድንገተኛ አደጋ ነው» ብሎ ፋይል ቢዘጋ ምን ይደንቃል?

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፤ አዕማድን ስታስተምሩን ተደራጊውን ካስጻፋችሁን በኋላ «አድራጊውና አስደራጊው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። እኛ በዚህ ጋዜጣ የምንጽፍም «ተደረመሰ» ባልን ቍጥር የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አድራጊውን ይጥራ። ካልታወቀም «ማን እንዳደረገው ገና አልታወቀም» ብለን በግልጥ እንጻፍ፤ ይህም ቢሆን መልስ ያልሰጠ ሰው እንዳለ ያስታውሳል። በቆሼና በአረርቲ የሞቱት ወገኖቻችን ከከንፈር መምጠጥ የበለጠ ይገባቸዋል፤ ቢያንስ ያች እናት ስለ እንስራዋ የጠየቀችውን ያህል።