ያልቆጠሩትን ሕዝብ ማልማት አይቻልም




በምርጫ ሰሞን ደጃፋችሁን የሚያንኳኳ ሁሉ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ይህን ያህል ሺህ የሥራ ዕድል፣ ይህን ያህል በመቶ ዕድገት ይላችኋል። እናንተም ሰምታችሁ ወደ ጓዳችሁ ስትመለሱ የዘይቱም የጤፉም ዋጋ እንደነበረ ይጠብቃችኋል። «ሺህ ቢታለብ ያው በገሌ አለች ድመት» የተባለው ለዚህ ነው። እኛ ዛሬ በዚያ ቁጥር ላይ ሌላ ቁጥር ለመደረብ አልመጣንም። ሌሎቹ የዘለሉትን ጥያቄ ልናነሣ ነው፦ ይህን ሁሉ ማን ቆጠረው? መቼስ ቆጠረው? የቆጠረውስ ለማን ይታዘዛል?

ዕድር የሚያውቀውን መንግሥት አያውቀውም

ከአቃቂ በሰቃ እስከ ቂሊንጦ በየመንደሩ ዕድር አለ። የዕድሩ ጸሐፊ ደብተር ውስጥ አባሉ ማን እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ሰፈር እንደለቀቀ ተጽፎ ይገኛል። ሌሊት ሰው ቢሞት ጠዋት ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ ያድራል። ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ «ለመሆኑ ስንት ነን?» ብሎ የሚጠይቅ የዕድር ሰብሳቢ የለም።

የሀገራችን መንግሥት ግን ይህን ጥያቄ በእርግጠኝነት መመለስ አይችልም። ኢትዮጵያ በዘመናዊ መንገድ ሕዝቧን የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተጀመረው የመጨረሻው ቆጠራ የሀገሪቱ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ወደ 2.7 ሚሊዮን፣ የአቃቂ ቃሊቲ ሕዝብ ደግሞ 181 ሺህ ገደማ ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ ደጃችንን አልረገጠም። በዚያች ግንቦት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል። ድምፅ የሚሰጠው ቆጥሮት ለማያውቅ መንግሥት ነው።

በእነዚህ ዓመታት አቃቂ ቃሊቲ ምን ያህል እንደተለወጠች ከእናንተ ወዲያ ምስክር አያሻም። በገላን፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ አቅጣጫ የእርሻ መሬት የነበረው የኮንዶሚኒየም ከተማ ሆኗል። ከመሀል ከተማ በመልሶ ማልማት የተነሣው ሰው መጥቶ ሰፍሯል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ጉዳይ ስምምነት አድርገዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የአንድ ወረዳ ኃላፊ ስንት ክፍል ትምህርት ቤት፣ ስንት አዋላጅ ነርስ፣ ስንት ቦኖ እንደሚያስፈልገው የሚያሰላው በ1999 ቆጠራ ላይ ከተመሠረተ ትንበያ ነው። ትንበያ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን የትንበያው መሠረት ሲያረጅ ስህተቱ በየዓመቱ እየተደራረበ ይሄዳል፤ ፈጥኖ በሚያድግ የከተማ ዳርቻ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይከፋል። ልጆቻችሁ በተጨናነቀ ክፍል ሲማሩ፣ ውሃ በፈረቃ ስትጠብቁ፣ ለታክሲ ስትሰለፉ የምትከፍሉት የዚህን ስህተት ዕዳ ጭምር ነው።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ ኮሚሽን እንዲኖር ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 5 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንደሚካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም በቆጠራው ውጤት መሠረት እንደሚወሰኑ ይናገራል። አንቀጽ 62 ደግሞ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የመወሰን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሰጣል፤ በዚያ ቀመር ውስጥ የሕዝብ ብዛት ዋና ቦታ አለው። ስለሆነም ቆጠራ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሥልጣን ውክልናና የሀብት ክፍፍል ሚዛን ነው።

አራተኛው ቆጠራ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ተላለፈ። ለመጋቢት 2011 መጨረሻ ተቀጥሮ እንደገና ተላለፈ። ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አሁንም አራዘሙት። ለሥራው ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር። ኮሮና መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ ቆጠራውም ቀረ።

ጉዳቱን በቀላል ስሌት እናሳይ። በ1987ቱ ቆጠራ የሀገሪቱ ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን ነበር። ለ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች ሲካፈል ለአንድ ተወካይ 98 ሺህ ያህል ሰው ይደርሳል። ዛሬ የሀገር ውስጡን ትንበያ፣ ማለትም ወደ 110 ሚሊዮን የሚጠጋውን ብንይዝ፣ ለአንድ ተወካይ 200 ሺህ ሰው ይደርሳል። ይህን የምናነሣው አዲስ አበባ ከ23 መቀመጫዋ በላይ እንድታገኝ አይደለም። ቆጠራው ሲካሄድ መቀመጫዋ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል፤ የሚመጣውን እንቀበላለን። የምንጠይቀው የአንድ ሰው ድምፅ ከሌላው ሰው ድምፅ እኩል እንዲመዝን ነው።

በአንድ ሀገር ሁለት ቁጥር

የተባበሩት መንግሥታት በእ.ኤ.አ. 2024 ያወጣው ግምት የኢትዮጵያን ሕዝብ ከ130 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። ከሀገር ውስጡ ትንበያ ጋር ያለው ልዩነት 20 ሚሊዮን ገደማ ነው። የጠቅላላ ምርቱ መጠን ሳይለወጥ ለ110 ሚሊዮን ሲካፈል የሚገኘው የነፍስ ወከፍ ገቢ ለ130 ሚሊዮን ሲካፈል 15 በመቶ ያህል ይወርዳል። እንግዲህ «የነፍስ ወከፍ ገቢያችን አደገ» የሚለን ባለሥልጣን በየትኛው ሕዝብ አካፍሎ እንደነገረን መጠየቅ መብታችን ነው።

ድህነትም እንዲሁ ነው። በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረው ድህነት በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ መውረዱ ተነግሯል። ጥናቱን ያካሄዱትን ባለሙያዎች አንነቅፍም፤ ብዙዎቹ በእግራቸው ተራራ ወጥተው መረጃ የሰበሰቡ ሐቀኛ ሠራተኞች ናቸው። ነገር ግን ወረርሽኙ፣ የሰሜኑ ጦርነትና የኑሮ ውድነቱ ከመጡም በኋላ ያው ቁጥር በየመድረኩ ለዓመታት ሲደገም ሰምተናል። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ራሱ ናሙናውን የወሰደው ከ1999ኙ ቆጠራ ነበር። አሮጌ ካርታ ይዞ አዲስ ሰፈር የሚፈልግ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። የሚፈረደው ካርታውን ባላደሰው ላይ ነው።

ዘላቂ ልማት ከአቃቂ ወንዝ ይጀምራል

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሀገራችን ከዓለም መንግሥታት ጋር 17 የዘላቂ ልማት ግቦችን ተቀብላለች። በሥራቸው 169 ዒላማዎችና ከ230 በላይ መለኪያዎች አሉ። ከመለኪያዎቹ አንዱ በተለይ እኛን ይመለከታል፤ ሀገሪቱ ባለፉት አሥር ዓመታት ሕዝቧን ቆጥራለች ወይ? ልደትን መቶ በመቶ፣ ሞትን ሰማንያ በመቶ መዝግባለች ወይ? የሚል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ወድቀናል። ሁለተኛውን በተመለከተ፣ የ2008ቱ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ ሕፃናት መካከል ልደታቸው የተመዘገበው 3 ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር ደረጃ መጀመሩ መልካም እርምጃ ነበር፤ ይህን አንክድም። ምዝገባው ሙሉ እስኪሆን ድረስ ግን የትኛው ሰፈር እናቶች በወሊድ እንደሚሞቱ፣ የትኛው ሰፈር ሕፃናት በምን በሽታ እንደሚያልፉ በወረዳ ደረጃ ማወቅ አይቻልም።

ከጎናችን ያለውን ወንዝ እንመልከት። ከተማይቱ ከአቃቂ ከርሰ ምድር ንጹሕ ውሃ ትቀዳለች፤ የፋብሪካና የመኖሪያ ፍሳሽዋን ደግሞ በትንሹና በትልቁ አቃቂ አድርጋ ወደ እኛ ትልካለች። በወንዙ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተለያዩ ጊዜያት ጽፈዋል። ነገር ግን በጆርናል የሚታተም ጥናት ለጎመን ሻጯ አይደርሳትም። የአቃቂ ነዋሪ በዚህ ወር ወንዙ ምን እንደተሸከመ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማንበብ ይገባዋል። ለእኛ ዘላቂ ልማትን መለካት ማለት ይኸው ነው።

«ቆጠራ ግጭት ያስነሣል» ለሚሉን

ይህ ሥጋት ባዶ አይደለም። የ1999ኙ ውጤት ሲወጣ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተተነበየው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ መገኘቱ በምክር ቤት ጭምር ከፍተኛ ጥያቄ አስነሥቷል። የአዲስ አበባም ቁጥር ከተጠበቀው በታች ነበር። ቅሬታው እስከ ዛሬ ያልሻረው ቁጥሩ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ቆጣሪው ከአስፈጻሚው እጅ ያልወጣ በመሆኑ የሚያምነው ዳኛ ስላልነበረ ነው። የዚህ መድኃኒቱ አለመቁጠር ሊሆን አይችልም። ጎረቤታችን ኬንያ፣ እንደ እኛው ብዙ ብሔረሰብ ያላትና የራሷ ውዝግብ ያልጠፋባት ሀገር፣ ከእ.ኤ.አ. 1969 እስከ 2019 በየአሥር ዓመቱ ስድስት ጊዜ ቆጥራለች። ናይጄሪያ በአንጻሩ ከእ.ኤ.አ. 2006 ወዲህ እያራዘመች ጥርጣሬው ይበልጥ ከርሮባታል። መብራት ማጥፋት በጨለማ ያለውን ጠብ አያበርደውም።

«ፋይዳ መታወቂያ አለ፤ ቆጠራ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። መታወቂያ ለመመዝገብ የመጣውን ይመዘግባል፤ ቆጠራ ግን ያልመጣውንም ቤቱ ድረስ ሄዶ ያገኘዋል። አልጋ ላይ የዋለችውን አሮጊት፣ ተፈናቅሎ በመጠለያ ያለውን ገበሬ፣ ጎዳና ላይ የሚያድረውን ልጅ የሚቆጥረው ቆጠራ ብቻ ነው።

ምን እናደርጋለን?

ፓርቲያችን የሚከተሉትን ቃል ይገባል፤

1. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር ተጠሪ ተደርጓል። ዕቅድ አውጪው የራሱን ዕቅድ ውጤት በሚለካው መሥሪያ ቤት ላይ የበላይ መሆን የለበትም፤ ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም። ስለዚህ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሆን ሕግ እናቀርባለን። የአፍሪካ መሪዎች በእ.ኤ.አ. 2009 እዚሁ አዲስ አበባ ያጸደቁት የአፍሪካ ስታቲስቲክስ ቻርተርም የሙያ ነፃነትን ከመርሆዎቹ ቀዳሚ አድርጎታል።

2. አራተኛው ቆጠራ በሥራ ዘመናችን ውስጥ፣ ሁሉም ፓርቲዎች፣ ሲቪክ ማኅበራትና ዩኒቨርሲቲዎች በሚታዘቡት መንገድ እንዲካሄድ እንሠራለን። ጸጥታ በሌለባቸው አካባቢዎች መቼና እንዴት እንደሚቆጠር አስቀድሞ ለሕዝብ ይገለጻል።

3. ልደትና ሞት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል እንዲመዘገቡ፣ በቤት የሚሞቱትን ደግሞ ዕድሮች እንዲያሳውቁ እናደርጋለን። ዕድሮች ለዚህ ሥራ አበል ያገኛሉ፤ የፖለቲካ መሣሪያ ግን አይሆኑም።

4. በእያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ አንድ በስታቲስቲክስ የሠለጠነ ባለሙያ በውድድር ይቀጠራል። የሚመዘነው በዲግሪውና በፈተናው እንጂ በአባልነት ካርዱ አይደለም።

5. የትምህርት፣ የጤና፣ የውሃና የወንዝ ብክለት መረጃ በየወረዳው ተከፋፍሎ፣ አስቀድሞ በታወቀ ቀን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች ይወጣል። ቁጥሩ ገዥ ሆነን እኛን ቢያሳፍርም ቀኑ አይተላለፍም።

6. ነዋሪ ለቆጣሪ የሚሰጠው መልስ ለግብር፣ ለቤት ማስለቀቅም ሆነ ለፖለቲካ ጥቅም እንዳይውል፣ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ላይ ተጨማሪ የቅጣት ድንጋጌ እንዲወጣ እናቀርባለን።

ይህ ሁሉ ገንዘብ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። ሳያውቁ መገንባት ግን ከዚህ ይበልጥ ያስወጣል። ሰው በሌለበት የቆመ ሕንፃና ሕንፃ በሌለበት የሰፈረ ሰው ሁለቱም የአንድ ስህተት ልጆች ናቸው።

የተከበራችሁ መራጮች፤

በመጪው ምርጫ ቁጥር ይዞ ለሚመጣላችሁ ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ «ማን ቆጠረው? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካላገኛችሁ ድምፃችሁን አትስጡ። እኛን ብትመርጡን ከአምስት ዓመት በኋላ ወደዚሁ ደጃፍ ተመልሰን የምንቆመው ሌላ ሰው በቆጠረው ቁጥር ተመዝነን ነው። ያን ጊዜ ጎድለን ብንገኝ አውርዱን።

ድምፃችሁ ይቆጠር! እናንተም ተቆጠሩ!