ጥፋቱ ከፓምፑ በፊት ነው

ሐረር ውስጥ የፒስተን ፓምፕ ሲንኳኳ ወይም ግፊቱ ሲወርድ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ሲሉ አልቋል፣ ቫልቩ ተበልቷል፣ ይቀየር»። ፓምፑ ይፈታል፣ አዲስ ዕቃ ይገባል፣ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል፤ ከዚያ ያው ችግር ይመለሳል። ባለቤቱ ደግሞ ሲከፍል «የዛሬ ዕቃ ምን ጥራት አለው!» ተብሎ ይሸኛል። ይህ ልማድ ሊቆም ይገባል። ያለቀ ሲል (ውሃ እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት) የችግሩ ምልክት እንጂ ምክንያቱ አይደለም። በዚህ ከተማ ደግሞ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ውሃው ወደ ፓምፑ የሚገባበት መስመር ነው።

አንደኛው ምክንያት ከፍታው ነው። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ባዶ ቦታ ይፈጥራል፤ ውሃውን ወደዚያ ገፍቶ የሚያስገባው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት 10.3 ሜትር ገደማ ውሃ ወደ ላይ ማንሳት ይችላል። ከ1,800 ሜትር በላይ በምትገኘው ሐረር ግን አቅሙ 8.2 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሜትር ያህሉ ፓምፑ ገና ሳይነሳ ጠፍቷል ማለት ነው። በቀጭን ጎማ፣ በብዙ ክርንና በደፈነ ማጣሪያ የሚባክነው የሚቀነሰው ከዚህ ከቀረው ላይ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈውን የመሳቢያ ልክ እዚህ እንዳለ መከተል ፓምፑን ውሃ መንሳት ነው።

ሁለተኛው የውሃው አመጣጥ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረቀ በኋላ ሐረር ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ዙሪያ ጉድጓዶች አዞረች፤ ውሃው ረጅሙን ዳገት ተገፍቶ ነው የሚደርሳት። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ባዶው ቱቦ አየር ይሞላል፤ ውሃው ሲመለስም ዝገትና ደለል ጠርጎ ይመጣል። ያንን በሮቶ አጠራቅመን፣ ከሮቶው ግርጌ ደለሉ ከሚተኛበት በቀጭን ጎማ ስበን፣ ፓምፑ ሲያጉረመርም ፓምፑን እንከሳለን።

የፒስተን ፓምፕ ከሚሽከረከር ፓምፕ የሚለይበትን ጠባይ መርሳት ደግሞ ነገሩን ያብሳል። ፒስተን ውሃን በተከታታይ ሳይሆን በምት በምት ነው የሚወስደው። በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ በየምቱ መፋጠንና መዘግየት አለበት። ቱቦው በረዘመ ቁጥር የሚፋጠነው ውሃ ይከብዳል፤ የቱቦው የውስጥ ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ የውሃው ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል። ውሃው ካልደረሰ በሲሊንደሩ ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ ፒስተኑ ወደ ፊት ሲገፋ አረፋው ይፈርሳል። የምንሰማው መንኳኳት ይህ ነው። ቫልቩን የሚቦረቡረውም ይኸው ነው፤ አዲስ ቫልቭ ብንገጥም እሱንም ይበላዋል።

ይህን ለመለየት ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፓምፑን ፍጥነት ቀንሱ፤ መንኳኳቱ ከጠፋ ውሃ አንሶት ነበር። ከአጠገቡ ሙሉ በርሜል አስቀምጡና በአጭርና ሰፊ ጎማ አጠጡት፤ ከተረጋጋ ጥፋቱ በመስመሩ ላይ ነው። የኩሽኔታ መንኳኳት ግን ፓምፑ ውሃ ቢጠግብም አይጠፋም። ፓምፑ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሆኖ ሦስቱም አንድ ላይ ከደከሙ የጋራቸው የሆነውን መሳቢያ ጠይቁ፤ ሦስት ቫልቮች በአንድ ቀን ተማክረው አይሞቱም። አንዱ ብቻ ከደከመ የዚያኑ ቫልቭ ክፈቱ። በመሳቢያው በኩል የላላ መጋጠሚያ ውሃ ላያንጠባጥብ ይችላል፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ፤ ስለዚህ «የሚፈስ የለም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። የፓምፑ ዘይት ወተት ከመሰለ ደግሞ ውሃ ሲሉን አልፎ ገብቷል፤ ያኔ ሲል መቀየር ተገቢ ነው፣ ግን ምን እንደበላው ከታወቀ በኋላ።

በላቫጆዎች የሚደርሰው ጉዳት ይህንኑ ያሳያል። የሚረጨው ሽጉጥ ተዘግቶ ሞተሩ ሲሠራ ያው ውሃ በፓምፑ ውስጥ እየዞረ ይግላል፣ ሲሉም ይቃጠላል። ሮቶው ባዶ ሆኖ ፓምፑ በደረቁ ከሠራ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲገባ የሴራሚኩ ፕላንጀር (ውሃውን የሚገፋው ዘንግ) ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ፕላንጀር ደግሞ ማንኛውንም አዲስ ሲል ይቀዳል። ይህ ሁሉ በዕቃ ጥራት ማነስ የሚሳበብ የአያያዝ ጥፋት ነው።

«ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ማን ይመረምራል?» የሚሉ አሉ። መልሱ በገጠር ቀበሌዎች አለ። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕም የፒስተን ፓምፕ ነው፤ ለመንደር ተንከባካቢዎች የሚሰጠው ሥልጠናም ከመፍታት በፊት መፈተንን ያስተምራል፦ ውሃ እስኪወጣ ይመታል፣ 30 ደቂቃ ይቆያል፣ እንደገና ሲመታ ውሃ ለመውጣት ከ5 ምት በላይ ከጠየቀ የግርጌው ቫልቭ ወይም ቱቦው ያፈሳል። አንዲት የውሃ ኮሚቴ አባል በእጇ ብቻ የምትሠራውን ምርመራ፣ ሙሉ የመፍቻ ሳጥን ያለው የከተማ መካኒክ ጊዜ የለኝም ሊል አይችልም።

እውነተኛው እንቅፋት የጊዜ አይደለም፣ የክፍያ ነው። እኛ የምንከፍለው ለተቀየረ ዕቃ ነው። መሳቢያውን አይቶ፣ አንድ መጋጠሚያ አጥብቆ፣ ማጣሪያ አጥቦ «ዕቃ አያስፈልገውም» ያለን መካኒክ ምንም እንዳልሠራ እንቆጥረዋለን። ስለዚህ ማሰብን የሚያስቀጣ፣ መፍታትን የሚሸልም ገበያ የፈጠርነው እኛው ባለቤቶቹ ነን። ለምርመራ ለብቻው እንክፈል። የወጣውን ያለቀ ዕቃ ተቀብለን «ምን በላው?» ብለን እንጠይቅ፤ መልስ የሌለው ሰው ሥራውን አልጨረሰም። የሙያ ኮሌጆችም ተማሪውን ፓምፕ ፈትቶ በመግጠም ብቻ ሳይሆን፣ ሳይፈታ ምክንያቱን በመናገር ይፈትኑት። በጭንቅ ሽቅብ የሚመጣ ውሃ ያለው ከተማ በግምት የሚጠገን ፓምፕ የመሸከም አቅም የለውም።