የድስቱ ክዳንና የፊዚክስ ደብተራችን

ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ስለሚያስፈልገው ሙቀት ብዙዎቻችን ተምረናል፤ ቀመሩንም ሸምድደን ለፈተና ቀርበናል። ዕውቀቱ ግን ከደብተር ወጥቶ ማድ ቤት ሲገባ እምብዛም አይታይም። በእኛ እምነት ይህ ጉድለት የቤተሰብን ገንዘብ ያባክናል።

ስሌቱን እንመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት 300 ኪሎጁል ያህል ይበቃል። ይኸው ውሃ ተንኖ እንዲያልቅ ግን ተጨማሪ ከ2,200 ኪሎጁል በላይ፣ ማለትም ከሰባት እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይጠይቃል። በፈላ ድስት ሥር እሳት ቢጨመር የውሃው ሙቀት ከፍ አይልም፤ ትነቱ ብቻ ይበረታል። ከእንፋሎቱም ጋር የከሰሉ ዋጋ በኖ ይጠፋል።

ስለዚህ ሽምብራውን ከዋዜማው መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ መፍላት ሲጀምርም እሳቱን መቀነስ ምንም ወጪ የማይጠይቁ ቁጠባዎች ናቸው። እናቶቻችን ብዙውን በልምድ ደርሰውበታል፤ የእኛ ድርሻ ምክንያቱንና መጠኑን አስልቶ ማስረዳት ነው።

ቁጠባ ብቻውን የኑሮ ውድነትን ያስወግዳል አንልም። ሆኖም ለከሰልና ለኤሌክትሪክ የሚከፈለው ገንዘብ የእኛ ደብተርና እስክሪብቶ ከሚገዛበት ኪስ የሚወጣ ነው። እንግዲያውስ የተማርነውን ከፈተናው ወረቀት አስቀድመን በቤታችን ምድጃ ላይ እንፈትነው።