ኮርቻው ምን አጠፋ?

ጂም ውስጥ ብስክሌት ከሚነዱ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው አንድ አቤቱታ አለ። «ደጅ ሁለት ሰዓት ነድቼ ምንም አልሆንም፤ እዚህ ግን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላኝ መቀመጫዬ ይቃጠላል።» ቀጥሎ የሚመጣውም ያው ነው፤ «ይሄ ኮርቻ አይረባም። ጄል ያለበት፣ ለስለስ ያለ ነገር መግዛት አለብኝ።»

እኔ ዛሬ ለኮርቻው ጥብቅና ልቆም ነው። የእኛ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይል የለ? ቤት ውስጥ ስንነዳ ለሚያሠቃየን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኮርቻው አይደለም። ጥፋተኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ኮርቻው ላይ ሳንነቃነቅ መቀመጣችን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሲያመን አፍረን ዝም ማለታችን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ያው ሰው፣ ያው ብስክሌት፣ ያው ኮርቻ ነው እንበል። ደጅ ያልጎዳ ኮርቻ ቤት ሲገባ ምን ለከፈው?

መልሱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በብስክሌት የወጣ ሰው ያውቀዋል። ዳገቱ ሲከብድ ሳያስበው ከኮርቻው ብድግ ብሎ፣ ቆሞ ይረግጣል። ቁልቁለቱ ሲመጣ መርገጡን ትቶ ፔዳሉ ላይ ቆም ይላል። ጉድጓድ ሲያይ ከፍ፣ ቀይ መብራት ሲይዘው አንድ እግሩን መሬት፣ ሚኒባስ ድንገት ፊቱ ሲቆም ደግሞ ፍሬን ይዞ ውርድ! ብስክሌቱ ራሱ በእያንዳንዱ እርግጫ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ያጋድላል። በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ መቀመጫችን ስንት ጊዜ ቦታ እንደሚቀይር ብንቆጥረው ይገርመናል። የምንረግመው የአዲስ አበባ መንገድ ሳይነግረን እያሳረፈን ነው ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። የጂሙ ብስክሌት መሬት ላይ እንደተቸነከረ ነው። የራሳችሁን ብስክሌት ትሬነር ላይ ብታስሩትም ያው ነው፤ የኋላው ተይዟል፣ አያጋድልም። ዳገት የለ፣ ጉድጓድ የለ፣ ትራፊክ የለ። ያው አጥንት፣ ያው ቆዳ፣ ያው ነጥብ ለአርባ አምስት ደቂቃ ይጫናል። እስቲ የቢሮ ወንበር ላይ እንኳ ለዚህን ያህል ጊዜ ፍንክች ሳትሉ ተቀመጡ! አትችሉም።

በዚህ ላይ ላቡ አለ። ደጅ ስትነዱ ነፋሱ እያደረቀው ስለሚሄድ ብዙም አይታወቃችሁም። ቤት ውስጥ ግን የሚነፍስ ነገር ስለሌለ ላቡ ወርዶ ቁምጣው ውስጥ ይጠራቀማል። የራሰ ቆዳ ሲፈተግ ደግሞ ቶሎ ይላጣል፤ ከዚያ ብጉር፣ ከዚያ ቁስል።

ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ጠንክረን ስንረግጥ ከክብደታችን የተወሰነው ወደ ፔዳሉ ይሄዳል፤ ኮርቻው ይቀለዋል። ዘና ብለን ስንረግጥ ግን ክብደታችን ተመልሶ መቀመጫችን ላይ ያርፋል። አሁን ስልኩን መሪው ላይ ደግፎ ቲክቶክ እያየ የሚነዳውን ሰው አስቡት። እግሩ ቀስ፣ ጀርባው ቀጥ፣ አንድ እጁ ስክሪኑ ላይ። መሪው ይሸከመው የነበረው ክብደትም ወደ ኋላ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ለሚነዳ ሰው የተሠራች ጠባብ ኮርቻ ላይ እንደ ሶፋ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቢያመው ምን ይገርማል? ስልካችሁን ጣሉ እያልኩ አይደለም። ቪዲዮው ሲያልቅ ብድግ በሉ ነው የምለው።

ደጅ ሕመም የለም ለማለትም አይደለም። የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ላይ የነዳ ሰው ወገቡ ድረስ ያውቀዋል። ግን ይሄ ሌላ ዓይነት ሕመም ነው፤ ምት ነው፣ ንዝረት ነው። መፍትሔውም ሌላ ነው። ጎማው ድንጋይ እስኪመስል ተነፍቶ ከሆነ ትንሽ አየር መቀነስ፣ ክርንን ማጠፍ፣ ሲነጥር ከኮርቻው ከፍ ማለት። የቤት ውስጡ ሕመም ግን ከምት የሚመጣ አይደለም፤ ዝም ብሎ ከመጫን የሚመጣ ነው። ሁለቱን በአንድ ጄል ኮርቻ ልታክሙ ስትሞክሩ ነው ገንዘባችሁ የሚባክነው።

ስለ ጄሉ ካነሳን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ስንቀመጥ ክብደታችንን እንዲሸከሙ የተሠሩ ሁለት አጥንቶች አሉን፤ መቀመጫችን ላይ በእጃችን ስንነካ የሚቆረቁሩት። ጥሩ ኮርቻ የሚባለው እነዚህን ሁለቱን የሚሸከም ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ቦታ ግን ነርቭና የደም ስር የሚያልፍበት ስለሆነ ጭነት አይፈልግም። ኮርቻው ከመጠን በላይ ለስላሳ ሲሆን አጥንቶቹ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ መሐሉ ላይ ያለው ስፖንጅ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋል። ውጤቱ? መጫን የማይገባው ቦታ ተጫነ። በጣት ሲጫኑት የሚመች ኮርቻ ሰዓት ሲቀመጡበት የማይመቸው ለዚህ ነው።

ከልስላሴ ይልቅ ስፋት ይበልጣል። የሁለቱ አጥንቶች ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል፤ የሴቶች ደግሞ በአማካይ ከወንዶች ይሰፋል። የራሳችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ብር አያስወጣም። አንድ ቁራጭ ካርቶን ጠንካራ ወንበር ላይ አድርጋችሁ ተቀመጡበት፣ ትንሽ ጎንበስ በሉ፣ ከዚያ ተነሱ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ታገኛላችሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን ለኩ። ኮርቻችሁ ከዚያ ልኬት ጠበብ ካለ፣ አዎ፣ ያኔ ጥፋቱ የኮርቻው ነው፤ ጥብቅናዬንም አነሳለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥፋተኛ እንምጣ፤ ወደ ዝምታው።

አንድ ጂም ውስጥ የሰማሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፒኒንግ ገብታ፣ ሲያልቅ ወደ አሰልጣኙ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኮርቻው ትንሽ... አልተመቸኝም» አለችው። «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ!» አላት፤ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ቁመቷን አላየም። ኮርቻው ከእሷ በፊት የነዳው ረጅም ሰው በተወው ልክ እንደነበረ ነው። የቱ ጋ እንዳመማትም አልጠየቃትም። እሷም ከዚያ በላይ ልትናገር አልቻለችም፤ እዚያ አካባቢ ስላለ ሕመም ለወንድ አሰልጣኝ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እንዴት ብላ ትናገር? ከዚያ ወዲያ እዚያ ክፍል አላየኋትም።

«ትለምጂዋለሽ» የምትባለው ቃል ግማሽ እውነት ናት። ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት በላይ ታሳስታለች። እውነቱ ይሄ ነው፤ ጀማሪ ሰው መቀመጫ አጥንቶቹ አካባቢ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያመዋል። እሱ በእርግጥ ይለመዳል፤ ሳያቋርጡ ቀስ በቀስ ቢነዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይተዋል። የማይለመድ ግን አለ። መላጥና ቁስል አይለመድም፤ ካልተዉት ይብሳል። ከሁሉም በላይ መደንዘዝ አይለመድም። ብልት አካባቢ ሲደነዝዝ ነርቩና የደም ስሩ ተጭነዋል፣ ደሙ እንደ ልቡ እየሄደ አይደለም ማለት ነው። ሰውነታችሁ «ተነስ!» እያላችሁ ነው። ወንዱም ሴቷም ጋ ይደርሳል። ብድግ ስትሉ ካልለቀቀ፣ ወይም ከብስክሌት ከወረዳችሁ በኋላ ከቆየ፣ መንዳቱን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። «ወንድ ልጅ ይችለዋል» ብሎ በደነዘዘ ሰውነት ሰዓት መሙላት ጀግንነት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን፤ ይሄኛው ደግሞ ሲጀምር መድኃኒት እንኳ አይፈልግም፣ መነሳት ብቻ ነው የሚፈልገው።

«በዚህ ኑሮ ውድነት ስለ ቂጥ ምቾት ታወራልህ እንዴ!» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ የዳቦ ጥያቄ አይደለም። ግን ቤት ውስጥ መንዳት ለብዙ ሰው ቅንጦት ሆኖ አይደለም። የኮሪደር ልማቱ አንዳንድ መንገዶች ላይ የብስክሌት መስመር አምጥቶልናል፤ ከመስመሩ ስትወጡ ግን ያው ሚኒባስና ባጃጅ መሐል ናችሁ። ለሴቶች ደግሞ ከመኪናው በላይ ለከፋው አለ። ደጅ ለመንዳት አምስት ጊዜ የምታስብ ልጅ ጂም የገባችው ሌላ አማራጭ ስለጠበባት ነው። እሱም በሕመም ከተዘጋባት የት ትሂድ? የወር ክፍያዋስ? ቤቱ ብስክሌት ገዝቶ ዛሬ ልብስ ማስጫ ያደረገውን ሰውም ቁጠሩት።

ደግሞም ቤት ውስጥ መንዳት የእውነተኛው ብስክሌት ታናሽ ወንድም አይደለም። አውስትራሊያዊው ማቲው ሄይማን እ.ኤ.አ. በ2016 ውድድር ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ጋራዡ ውስጥ ትሬነር ላይ ሲሠራ ቆይቶ፣ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ፓሪስ ሩቤን አሸነፈ። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ ከዚያ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትር ያህሉ ያረጀ የድንጋይ ንጣፍ የሆነ ውድድር ነው፤ የእኛ ኮብልስቶን እዚያ ሄዶ አስፋልት ይባላል። የዓለም ብስክሌት ማኅበርም ከ2020 ጀምሮ ቤት ውስጥ ለሚነዱ የዓለም ሻምፒዮና አዘጋጅቷል። ቁም ነገር ከሆነ እንደ ቁም ነገር እንያዘው ነው የምለው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አብዛኛው ነፃ ነው።

መንገዱ የማያነሳችሁ ከሆነ ራሳችሁ ተነሱ። በየአምስት ወይም በየአስር ደቂቃው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቆማችሁ ርገጡ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ፤ ለዚህ ካልሆነ ለምን ነው? ከመጀመራችሁ በፊት ቁመቱን አስተካክሉ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ቆዳችሁን የሚልጠው እሱ ነው። የኮርቻውን አፍንጫ ወደ ላይ አታቅኑት፤ ለጥ ያለ ይሁን። ቬንትሌተር ካለ ፊት ለፊታችሁ አድርጉ። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ካገኛችሁ ከስሩ ፓንት አይለበስም፤ ስፌቱ ነው የሚፈትጋችሁ። ስትጨርሱ በላብ በራሰ ቁምጣ ቁጭ ብላችሁ አታውሩ፣ ቀይሩት።

ትሬነር ቤታችሁ ያላችሁ ደግሞ ከስሩ የሚወዛወዝ ጣውላ ማሠራት ትችላላችሁ። በሁለት ኮምፔንሳቶ መካከል ትንንሽ የተነፉ ኳሶች ገብተው ብስክሌቱ እንደ ደጁ ትንሽ ግራና ቀኝ እንዲያጋድል የሚያደርግ ነው። ሌላ አገር ሰው ጓሮው ውስጥ ራሱ ይሠራዋል፤ የእኛ አናጢዎች አያቅታቸውም።

ጂሞች ሆይ፣ እናንተን የምጠይቀው ሁለት ደቂቃ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ሙዚቃው ከመከፈቱ በፊት ኮርቻውን በልኩ አስተካክሉለት። «ሲደነዝዝህ ተነስ፣ ሲደነዝዝሽ ተነሺ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ሴት አሰልጣኝ ካለች፣ ለጥያቄ እሷ ጋ መሄድ እንደሚቻል ተናገሩ። «ትለምጂዋለሽ» ከማለታችሁ በፊት «የቱ ጋ ነው ያመመሽ?» በሉ።

እናንተም ብትሆኑ አትፈሩ። ጉልበቴን አመመኝ ለማለት የማያፍር ሰው መቀመጫዬን አመመኝ ለማለት የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም። ኮርቻ የተሠራው ሊቀመጡበት ነው፤ ሊሠቃዩበት አይደለም። ለሱቅ ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ብድግ ብላችሁ እዩት።

ቸር እንሰንብት!